ማልያ ሲቀየር



እኛ የእንፍራንዝ ሰዎች መኖሪያችን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ነው። የሁለቱ ከተሞች ቡድኖች በሚጋጠሙበት ሰሞን ደጋፊዎች በደጃችን ያልፋሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ታላቅየው የአንዱ፣ ታናሽየው የሌላው ደጋፊ የሆነበት ቤትም አይጠፋም። በዚህ ክፋት የለበትም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ እኛም ደስ ብሎናል።

በቅርቡ ግን ሻይ ቤት ተቀምጠን የሰማነው አንድ ቃል አሳሰበን። ወጣቶች ቡድናቸውን ለቆ ስለሄደ ተጫዋች ያወራሉ። ተጫዋቹ የተቃራኒ ቡድን ማልያ ለብሶ ሊመጣ ነውና እንዴት እንደሚቀበሉት ይመካከራሉ። አንደኛው «ይሄ ሙናፊቅ! ይምጣና ያያታል» አለ። አጠገባችን የነበሩ አዛውንት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ልቡን ከፍተህ አይተኸዋል?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ ለጨዋታ ነው እኮ» አለ። እርሳቸው ሌላ አልጨመሩም። እኛ ግን ጥያቄውን ይዘን ወደ ቤታችን ገባን።

ለመሆኑ የትናንቱ ጀግና በተቃራኒ ማልያ ሲመጣ እንዴት ነው መቀበል ያለብን? ለዚህ የሚረዳን ከወደ አሜሪካ ቅርጫት ኳስ አንድ ታሪክ አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካይሪ ኧርቪንግ የሚባለው ተጫዋች በ2017 ቦስተን ሴልቲክስ የተባለውን ቡድን ተቀላቀለ። በጥቅምት 2018 በገዛ ሜዳቸው በተሰበሰቡት ደጋፊዎች ፊት ቆሞ፣ እናንተ ከፈለጋችሁኝ እዚሁ ልቆይ አስቤያለሁ የሚል ቃል ተናገረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በ2019 ክረምት ግን ውሉ በሚፈቅድለት መሠረት ቦስተንን ለቆ የብሩክሊን ኔትስን ማልያ ለበሰ። ደጋፊው ተከዳሁ አለ። ኧርቪንግ በጉዳት ምክንያት ወደ ቦስተን ባልመጣበት ዕለት እንኳ በሌለበት ስሙን እየጠራ ይሰድበው ነበር።

በ2021 የጸደይ ወራት ይህ ሰው ሙስሊም መሆኑንና ረመዷንን እየጾመ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ለጥሎ ማለፍ ውድድር ወደ ቦስተን ተመለሰ። ከመምጣቱ በፊት የዘረኝነት ስድብ እንዳይሰማ ጠይቆ ነበር። ግንቦት 30 ቀን ብሩክሊን 141 ለ 126 ሲያሸንፍ እርሱ ብቻውን 39 ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታው ሲያልቅም በሜዳው መሐል የተሳለውን የቦስተን አርማ በጫማው ረገጠ። ወደ መልበሻ ክፍል ሲያመራ ከተመልካች መሐል የተወረወረ የውሃ ጠርሙስ ለጥቂት ሳተው። ወርዋሪው የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ፖሊስ እዚያው ይዞት ክስ ተመሠረተበት።

ነገሩ በዚህ አልበቃም። በሚያዝያ 2022 ሲመለስ ለሚሰድቡት ሰዎች ነውረኛ የጣት ምልክት አሳየ፤ ሊጉም 50,000 ዶላር ቀጣው። በ2024 በዳላስ ማቭሪክስ ማልያ ለፍጻሜው ወደዚያችው ከተማ ሲመጣ ግን፣ ያ አድራጎቱ እውነተኛ ማንነቱን በመልካም እንዳላሳየ ራሱ መሰከረ። ተመልካቹ ያን ጊዜም ጮኸበት። ቦስተን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

እንግዲህ ፍርዱን በየፈርጁ እንየው። ቃል ቀላል ነገር አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃልን ማፍረስን ከኒፋቅ ምልክቶች አንዱ አድርገው አስተምረዋል። ስለዚህ በሕዝብ ፊት ተስፋ የሚሰጥ ሰው ምላሱን ይመዝን። ነገር ግን ቃል ሲገባ ሊፈጽመው ያሰበና ኋላ ሁኔታ የለወጠበት ሰው፣ ከመነሻው ሊዋሽ ካሰበው ጋር እኩል እንዳልሆነ ዑለማዎች ያስረዳሉ። የልብን ሐሳብ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። የአዛውንቱ ጥያቄ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም ብዙዎቹ ተጫዋቾች ቃል እንኳ አልገቡም። ውላቸው አልቆ ለቤተሰባቸው እንጀራ ፍለጋ ይሄዳሉ። ከአንዱ ነጋዴ ቤት ወጥቶ ሌላው ዘንድ የተቀጠረን ሠራተኛ ሙናፊቅ የምንለው አለን? ይህ ስም የከበደ ስም ነው፤ ለኳስ ጨዋታ መቀለጃ አይሆንም።

ተጫዋቹ ቢያጠፋ እንኳ የእርሱ ጥፋት ለእኛ ጥፋት ፈቃድ አይሆንም። አርማ መርገጥም ጣት ማሳየትም ነውር ነው። ጠርሙስ መወርወር ግን ሰው ሊገድል የሚችል ወንጀል ነው። ኧርቪንግ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከፖሊስ ጋር የቀረው ወጣቱ ነው። ወላጆቹ በዚያች ሌሊት ምን ተሰምቷቸው ይሆን? በአገራችን ስታዲየሞችም ድንጋይ ተወርውሯል፤ ለጨዋታ ከቤታቸው የወጡ ልጆችም ደማቸው ፈስሷል። ኃይለኛ ማለት በትግል የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን ለዚህ ዓይነቱ ሰዓት ነው።

ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። ሌብሮን ጄምስ በ2010 ክሊቭላንድን ለቆ ወደ ማያሚ ሲሄድ የከተማው ደጋፊዎች ስሙ ያለበትን ማልያ በእሳት አቃጠሉ። በታኅሣሥ ወር በማያሚ ማልያ ሲመለስ ጨዋታውን ሙሉ ጮኹበት። እርሱ ግን 38 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ አሸነፈ። በ2014 ወደ ክሊቭላንድ ተመለሰ። በ2016 ቀደም ብለን ካነሳነው ከኧርቪንግ ጋር ሆኖ ለከተማዋ ከ52 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ አመጣ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በደስታ አደባባይ ወጣ። ከእነዚህ መካከል ከስድስት ዓመት በፊት ማልያ ያቃጠለ እጅ አልነበረም ብሎ የሚምል ማን ነው? ዛሬ የምትወደው ነገ ባላጋራህ፣ ዛሬ የምትጠላው ነገ ወዳጅህ ሊሆን ይችላልና በሁለቱም ልክህን ጠብቅ የሚል ምክር ከዐሊይ (ረ.ዐ) ይተላለፋል። ክሊቭላንድ ይህን በስድስት ዓመት ውስጥ በዓይኗ አየች።

ውድ ወላጆች! ልጅ ስድብን የሚማረው ከስታዲየም ብቻ አይደለም። አባቱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የሚወረውረውን ቃል ይሰማል። ሽንፈትን ተቀብሎ ተነስቶ የሚሰግድ አባት ያየ ልጅ ሽንፈት የዓለም መጨረሻ እንዳልሆነ ያውቃል።

እናንተም ወጣቶች! የቀድሞ ተጫዋቻችሁ ሲመጣ ስለ ትናንቱ ላቡ አንድ ጊዜ አጨብጭቡለት። ካልሆነላችሁም ዝም በሉ። ከዚያ በኋላ ዘጠናውን ደቂቃ ለራሳችሁ ቡድን ዘምሩ፤ ግብ እንዳያስቆጥርባችሁም ተመኙ፤ ይህ መብታችሁ ነው። ጨዋታው ሲያበቃ የሁለቱም ደጋፊዎች በእንፍራንዝ በኩል ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። መኪናው ቆሞ ውሃ የሚለምን ቢኖር የለበሰውን ማልያ ሳናይ እናጠጣው።

አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንንና እጃችንን ከበደል ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።