ለማዕቀብ ጥሰት ጠቋሚ የሚከፈለው ወሮታ በሕግ ይታሰር

ዓለም አቀፍ ማዕቀብ የጣሱ ሰዎችንና ኩባንያዎችን ለሚጠቁም ሰው ገንዘብ መክፈል ባለፉት ዓመታት በተለይ የአሜሪካ መንግሥት አዘውትሮ የሚጠቀምበት መንገድ ሆኗል። የአሠራሩ መነሻ ሽብርን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሕግ ነው። በአገሪቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለው «ወሮታ ለፍትሕ» የተባለው ፕሮግራም ከዚያ ወዲህ ከ125 ለሚበልጡ ሰዎች ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉን ይገልጻል። መጀመሪያ ላይ የሚታደኑት ቦምብ አፈንጂዎች ነበሩ። የኒውዮርኩን የዓለም ንግድ ማዕከል በ1993 ያፈነዳው ራምዚ ዩሴፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ኢስላማባድ ውስጥ የተያዘው በጥቆማ ነው። ኮንግረሱ ውሎ አድሮ የሕጉን ወሰን ሲያሰፋ በሰሜን ኮሪያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ የሚጥሱትም በዚሁ ሥር ገቡ፤ ለጠቋሚዎቻቸውም እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፈል ተነገረ።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ወሮታው ተገቢ ነው የሚል ነው። ተገቢ የሚሆነው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ተጣሰ የተባለው ሕግ መንግሥታት በጋራ የተስማሙበት መሆን አለበት፤ ክፍያውም በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ የሚሰጥ ችሮታ ሳይሆን ጠቋሚው በሕግ ሊጠይቀው የሚችል መብት መሆን አለበት። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አሠራር ሁለቱንም በወጉ አያሟላም።

ጥቆማ ለምን እንደሚያስፈልግ «ኮሬጅየስ» የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጥሩ ማስረጃ ናት። መርከቧ እ.ኤ.አ. ከኦገስት እስከ ዲሴምበር 2019 ባሉት አራት ወራት መገኛዋን የሚያሳውቀውን መሣሪያ አጥፍታ ተሰወረች። በዚያው ጊዜ የተነሱ የሳተላይት ምስሎች ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ነዳጅ ባሕር ላይ ሳለች ለሰሜን ኮሪያዋ መርከብ «ሴቢዮል» ስታጋባ፣ ወደ ናምፖ ወደብም ስታመራ አሳይተዋል። በ2020 ካምቦዲያ መርከቧን ያዘች፤ በ2021 አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለአሜሪካ መንግሥት ውርስ እንድትሆን ወሰነ። ባለቤቷና ዋናው አቀነባባሪ ነው ተብሎ የተከሰሰው የሲንጋፖር ነጋዴ ግን ከሕግ እጅ ውጭ ስለነበር በኖቬምበር 2022 እርሱን ለሚጠቁም እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ቀረበ።

ሳተላይት የሚያሳየው ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን መቆማቸውን ነው። መሣሪያውን አጥፋ ብሎ ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ በጭነት ሰነዱ ላይ የሐሰት መዳረሻ የተጻፈው በየትኛው ቢሮ እንደሆነ፣ ክፍያው በማን ስምና በየትኛው ባንክ በኩል እንዳለፈ ከሰማይ አይታይም። እነዚህን የሚያውቁት ሌሊት የነዳጅ ቱቦ ያገናኘው መርከበኛ፣ ደረሰኙን ያዘጋጀችው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ኩባንያውን በወረቀት ላይ ብቻ ያቋቋመው ወኪል ናቸው። አንዳቸውም በሥራቸው ባለጠጋ አይደሉም፤ ቢናገሩ ግን እንጀራቸውን ያጣሉ፤ አንዳንዶቹ ሕይወታቸውንም ጭምር። እውነት መናገር እንዲህ ውድ በሆነበት ቦታ ለተናጋሪው ገንዘብ መስጠት እንደ ነውር ሊቆጠር አይገባም። ወሮታን ሰውን በሰው ላይ የሚያነሳሳ የጆሮ ጠቢ ሥራ አድርገው የሚያዩ ወገኖች ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ በሰፈርተኛ ላይ የሚሰልል ሥርዓት ያደረሰውን ጉዳት ብዙ ሕዝብ በገዛ ታሪኩ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ግን የሚጠቆመው የጎረቤት ሐሳብና ንግግር አይደለም፤ ለጦር መሣሪያ ግንባታ የሚውል ነዳጅና ገንዘብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2023 ሰሜን ኮሪያ ፈጽማቸዋለች ብለው የመረመሯቸው 58 የሳይበር ጥቃቶች 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ዲጂታል ገንዘብ አስገኝተዋል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያልፍባቸውን እጆች ለማወቅ ከውስጥ የሚናገር ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው አከፋፈሉ ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ጠቋሚው በቀጥታ ወሮታ አመልክቶ አይቀበልም፤ የምርመራ መሥሪያ ቤት ወይም ኤምባሲ ያጨዋል፣ ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ ኮሚቴ ይመክርበታል፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትሩ ሊከፍል ይችላል፣ ሊቀንስ ይችላል፣ ጭራሽ ሊከለክልም ይችላል፤ ሕጉ ውሳኔውን የመጨረሻ ያደርገዋል፤ ፍርድ ቤትም አያየውም። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው «እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር» የሚለው ሐረግ «እስከ» በሚለው ላይ የቆመ ነው። ከሩቅ አገር ሕይወቱን አስይዞ መረጃ የሰጠ ሰው ምንም ባይሰጠው አቤት የሚልበት ደጅ የለውም። መንግሥት ከዜጋም ከባዕድም ጋር ቃል ሲገባ እንደማንኛውም ተዋዋይ ለቃሉ መጠየቅ አለበት።

የተሻለ መንገድ እዚያው አገር ውስጥ አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባሻሻለው በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ የማቅረብ ድርጊት መከላከያ ሕግ መሠረት፣ የማዕቀብ ጥሰት መረጃ የሰጠ ሰው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ከተሰበሰበ ከተሰበሰበው ከ10 እስከ 30 በመቶ ይከፈለዋል። ዝቅተኛውም ከፍተኛውም መጠን በሕግ ተቀምጧል። ጠቋሚውን ከሥራ ማባረርና ማንገላታትም ተከልክሏል። የገንዘቡ መጠን ቀላል አይደለም፤ የፈረንሳዩ ባንክ ቢ.ኤን.ፒ. ፓሪባ በሱዳን፣ በኢራንና በኩባ ላይ የተጣለውን የአሜሪካ ማዕቀብ በመጣሱ በ2014 ከ8.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። ከእንዲህ ያለ ቅጣት ላይ የሚቆረጥ ድርሻ የባንክን ሠራተኛ ከዝምታው ያወጣዋል፤ ባንኮችንም ቀድመው ቤታቸውን እንዲያጸዱ ያስገድዳል። ከግብር ከፋዩም ኪስ የሚወጣ ነገር የለም። «ወሮታ ለፍትሕ» የያዘው አሠራር ወደዚህ መስመር መምጣት አለበት፤ ወሮታ የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ሊያገኝ፣ ስሙ ሳይገለጥም በዳኛ ፊት ሊከራከር ይገባል።

ወሮታ ከመስመር ሲወጣ ምን እንደሚመስል በ2019 ታይቷል። ጊብራልታር 2.1 ሚሊዮን በርሜል ገደማ የኢራን ድፍድፍ ነዳጅ የጫነችውን «ግሬስ 1» በጁላይ ይዛ በኦገስት አጋማሽ ለቀቀቻት፤ መርከቧም ስሟ «አድሪያን ዳሪያ 1» ተብሎ ጉዞዋን ቀጠለች። በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኢራን ጉዳይ ልዩ ተወካይ የነበሩት ብራያን ሁክ ለሕንዳዊው ካፒቴን በኢሜይል ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤው መርከቧን ልትያዝ ወደምትችልበት አገር ቢነዳት በርካታ ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፈለው የሚገልጽ ነበር። ካፒቴኑ አልተቀበለም። በዚያው ኦገስት ማብቂያ ላይ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር እርሱንም መርከቧንም በማዕቀብ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ።

ይህን ጥቆማ ብሎ መጥራት አይቻልም። ካፒቴኑ የሚያውቀውን እንዲናገር አልተጠየቀም፤ በአደራ የተረከበውን መርከብና ጭነት አሳልፎ እንዲሰጥ ተጠየቀ እንጂ። እምቢ ሲልም ተቀጣ። ደግሞም ሊያስከብረው የተፈለገው ማዕቀብ አሜሪካ ለብቻዋ የጣለችው እንጂ የጸጥታው ምክር ቤት ያጸደቀው አልነበረም። አንድ ኃያል አገር የራሱን ሕግ በሌላ አገር ዜጋ ላይ በገንዘብና በዛቻ ማስፈጸም ከጀመረ፣ ሌሎች ኃያላንም ነገ ያንኑ ሲያደርጉ የሚከለክላቸው ነገር አይኖርም። «ኮሬጅየስ» የጣሰችው ግን ሌላ ነው። ሰሜን ኮሪያ በዓመት ልታስገባ የምትችለውን የተጣራ ነዳጅ በ500,000 በርሜል የወሰነው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 2397 በዲሴምበር 2017 ሲጸድቅ ቻይናና ሩሲያን ጨምሮ አሥራ አምስቱም አባላት እጃቸውን አውጥተዋል። ለእንዲህ ያለው የጋራ ሕግ የሚሰጥ ጥቆማና የሚከፈል ወሮታ ይህ ጋዜጣ ያለማመንታት ይደግፈዋል።

የሚያሳዝነው የጋራው ሕግ ጠባቂ ማጣቱ ነው። ከ2009 ጀምሮ ጥሰቶችን እየመረመረ ሪፖርት ሲያቀርብ የቆየው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በማርች 2024 ሩሲያ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቷን ስለተጠቀመች በኤፕሪል 30 ሥራው አበቃ። አሥራ ሦስት አባላት እንዲቀጥል ደግፈው ነበር፤ ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። በዚያው ዓመት አሥራ አንድ አገሮች የራሳቸውን የክትትል ቡድን ቢያቋቁሙም ቡድኑ ከድርጅቱ ውጭ ያለ ነው። ወሮታ ይህን ክፍተት ሊሸፍን አይችልም። በዋሽንግተን መዝገብ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥ ጥቆማ ለሌሎቹ የማዕቀቡ ባለቤቶች የሚያረጋግጡት ማስረጃ አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ የጠቋሚው ማንነት ተሰውሮ ይዘቱ ለጸጥታው ምክር ቤት የማዕቀብ ኮሚቴ እንዲደርስ በሕግ መደንገግ አለበት።

ማዕቀብ ያለ አስፈጻሚ ምን እንደሚሆን ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቃለች። የመንግሥታት ማኅበር በኖቬምበር 1935 በወራሪዋ ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። አዲስ አበባ በሜይ 1936 ከተያዘች በኋላ በጁላይ ማዕቀቡ ጭራሽ ተነሳ። በዚያን ጊዜ የጎደለው መረጃ አልነበረም፤ የጣሊያን መርከቦች ጦርና ስንቅ ይዘው በቦይው ሲያልፉ ዓለም ያይ ነበር። ጥቆማ የሚጠቅመው ሰምቶ እርምጃ የሚወስድ አካል ሲኖር መሆኑን ወሮታን ብቻ እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ ሊዘነጉት አይገባም።

የጠቋሚ ጥበቃም ከገንዘቡ መቅደም አለበት። ኢትዮጵያ የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አውጥታለች፤ ጥበቃው ግን እንደማንኛውም አገር ሕግ በአገር ክልል የታጠረ ነው። የማዕቀብ ጥሰት ጠቋሚ በአንድ አገር መርከብ፣ በሌላ አገር ወደብ፣ በሦስተኛ አገር ዜግነት የሚኖር ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ አራተኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው ፕሮግራም ጠቋሚን ወደ ሌላ ስፍራ ሊያዛውር እንደሚችል ቢገልጽም ይህም በባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጥ እንጂ የሚጠየቅ መብት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የማዕቀብ ጥሰትን በአባል አገሮቹ ወንጀል ያደረገ መመሪያ በ2024 አውጥቷል፤ ጥቆማ የሚቀበልበት ስም የማይጠየቅበት መስመርም ዘርግቷል፤ ወሮታ ግን አይከፍልም። ዋሽንግተንና ብራስልስ ያላቸውን ቢያዋህዱ፣ የተያዘች መርከብ መርከበኞች ደመወዛቸው ተከፍሏቸው ወደየአገራቸው የሚመለሱበትና የመሰከሩት ደግሞ ከነቤተሰባቸው መጠጊያ የሚያገኙበት የጋራ ስምምነት መፈራረም አይከብዳቸውም። ሆን ብሎ ሐሰት የጠቆመ ሰው የሚጠየቅበት ድንጋጌም በዚያው ስምምነት ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ በማዕቀብ ዝርዝር ላይ በስህተት የሰፈረ ነጋዴ የባንክ ሒሳቡ ይዘጋበታልና።