ነጋሽ፦ ታሪኳን እንጂ እሷን የማናውቃት መንደር



ባለፈው ረመዷን እዚሁ ቀራንዮ በአንድ ወዳጃችን ቤት ለኢፍጣር ተሰብስበን ነበር። መግሪብ ተሰግዶ ሾርባው ከቀረበ በኋላ የባለቤቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በመድረሳ የተማረውን የሐበሻውን ሒጅራ ታሪክ አንዲት ነገር ሳያስቀር ተረከልን። የቁረይሾችን በደል፣ የባሕሩን ጉዞ፣ የጃዕፈርን ንግግር ሁሉ። አባቱ ደስ ብሎት «ለመሆኑ ይህ ንጉሥ አገሩ የት ነው?» ቢለው፣ ልጁ ጥቂት አሰብ አድርጎ «ሶሪያ» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ ከመካከላችን ነጋሽን በዓይኑ ያየ እንዳለ ተጠያየቅን። ወደ አዲግራት ጭነት ያመላልስ የነበረ አንድ ሾፌር ብቻ ተገኘ። እርሱም «በመስኮት ነው ያየኋት» አለን። እንግዲህ በልጁ መሳቃችን ምን ይባላል? ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። እኛ ታሪኩን ስናስተምር የደጉን ንጉሥ ፍትሕ አውስተን እናልፋለን እንጂ መንደሪቱን አናሳይም። በዚህ ወር ወደ ነጋሽ እንሂድ።

ነጋሽ በትግራይ ምሥራቃዊ ዞን፣ በክልተ አውላዕሎ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ከመቀሌ ተነሥቶ የአዲግራትን አስፋልት የያዘ መንገደኛ ውቅሮን አልፎ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ይደርስባታል። ዋናው መንገድ በመሐሏ ስለሚያልፍ ሾፌሩ ካላቆመ በጥቂት ደቂቃ ታልፋለች። አገሩ ደጋና ድንጋያማ ነው፤ ቤቱም አጥሩም እርከኑም ድንጋይ ነው። በውቅሮ ዳርቻ ከአለት የተፈለፈለው ጥንታዊው የጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በሁለቱ ቅርሶች መካከል ያለው መንገድ በመኪና ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

የመንደሪቱ ዋነኛ ምልክት የአል-ነጃሺ መስጊድና በግቢው ያሉት መቃብሮች ናቸው። እንደ አካባቢው ትውፊት ንጉሥ አስሐማ አል-ነጃሺና በስደት ያረፉ 15 ሶሐቦች የተቀበሩት እዚህ ነው። በየዓመቱ ሙሐረም በገባ በ10ኛው ቀን፣ ለዓሹራ፣ ምእመናን ከየአቅጣጫው ይሰበሰቡባታል፤ በዚያን ቀን ትንሿ መንደር ከተማ ትመስላለች።

የሒጅራው ታሪክ ለአንባቢያን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 መጀመሪያ አሥራ ጥቂት ወንዶችና አራት ሴቶች፣ ቀጥሎም ከ80 የሚበልጡ ወንዶች ከነቤተሰባቸው ባሕር ተሻግረው መጡ። እኔ መናገር የምፈልገው ብዙ ጊዜ ስለምንዘነጋው ነገር ነው፤ ይህ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ስደተኞቹ አንድ ሰሞን ተጠልለው የተመለሱ አይምሰለን። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) እና አብረዋቸው የቆዩት ወደ መዲና የሄዱት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ኸይበር በተከፈተ ጊዜ ነው፤ ሐበሻ ከገቡ 12 ዓመት ያህል መሆኑ ነው። የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ልጃቸውን ዐብደላህን የወለዱት በዚህችው ምድር ነው። እሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ከባላቸው የተለዩት እዚህ፣ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታጩትም እዚህ ሲሆን፣ ጥሎሹን የከፈለላቸው ነጃሺ ነበር። ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ቆመው ስለ መርየም የተወረደውን ምዕራፍ ያነበቡበትን ዕለት ዝርዝሩን ያቆዩልንም ሴት ናቸው፤ ያኔ ከባላቸው ጋር በስደት የነበሩት እሙ ሰለማ (ረ.ዐ)። በዚያ ዘመን አማርኛ የሚባል ጽሑፍ ሳይኖር በሐበሻ ደጋ የሙስሊም ሕፃናት እየዳሁ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። የሲራ መጻሕፍት የሐበሻን ምድርና ንጉሡን ይናገራሉ እንጂ ነጋሽ የምትባል መንደር አይጠቅሱም። ነጋሽን የሚጠቅሳት ትውፊቷ ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያው መስጊድ የመባሉንም ማዕረግ ከምጽዋው የሶሐቦች መስጊድ ጋር ትሻማለች፤ በዚህ ግን የሚጣላ የለም። ትውፊቱ የትናንት ፈጠራ አለመሆኑም የታወቀ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ዘመን የተጻፈው ፉቱሕ አል-ሐበሻ የነጃሺ መቃብር በትግራይ እንደ ተጎበኘ ያወሳል። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በኲሓ አካባቢ ደግሞ ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። እንግዲህ በዚህ ደጋ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሙስሊሞች እየኖሩ፣ እየነገዱና ሙታናቸውን በስማቸው እየቀበሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ከባድ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ ትግራይም ከዚሁ አላመለጠችም። የጀበርቲ ቤተሰቦች በአብዛኛው የርስት መሬት ስላልነበራቸው ኑሯቸው በሽመናና በንግድ ነበር። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው ባለ መሬት ያደረጋቸው። ንጉሡ አስተናግዷቸው ነበር ብለን የምንኮራባቸው እንግዶች ተከታዮች በዚያው አገር የሚያርሱት መሬት ለማግኘት ከ1300 ዓመታት በላይ ፈጀባቸው። ለልጆቻችን ታሪኩን ስንነግር ይህንንም ጭምር ብንነግራቸው ታሪኩ አይጎድልበትም።

ዛሬ የሚታየው የመስጊዱ ሕንጻ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ቲካ የተባለው የቱርክ መንግሥት የልማት ድርጅት ግቢውን ካሳደሰው ጥቂት ዓመታት ብቻ እንዳለፉ ጦርነቱ መጣ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. መስጊዱ በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ጉልላቱና ሚናራው ተጎዱ፤ መቃብሩም አልተረፈም። ዘረፋ እንደ ደረሰበት፣ ሊከላከሉም የወጡ ሰዎች እንደ ሞቱ ተዘገበ። ፎቶግራፉ በየስልኩ ሲዞር ብዙዎቻችን አለቀስን፤ ይጠገናል የሚል ቃልም ከመንግሥት ተሰማ። ስለ ጉልላቱ ያለቀስነውን ያህል ግን ከጉልላቱ ጎን ስላሉት ቤቶች የጠየቅን ስንት ነን? በዚያ መንደር ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ባንክ፣ ያለ ስልክ፣ ብዙ ጊዜም ያለ መድኃኒት የከረሙ እናቶች ነበሩ። መቃብሩን 14 መቶ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ነገሥታት ሳይሆኑ የእነዚህ እናቶች አያቶች ናቸው።

ወደዚያ ለመጓዝ ያሰበ ቤተሰብ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ያጣራ። መቀሌ ካደረ በማለዳ ተነሥቶ ዙሁርን በነጋሽ ሊሰግድ ይችላል። መስጊዱን አይቶ ወዲያው መኪና ውስጥ ከመግባት ግን ግማሽ ቀን ቢቆይ መልካም ነው። ሻይ ቤት ገብቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጥ፤ ልጆቹም ከመንደሩ ልጆች ጋር ኳስ ይጫወቱ። ቋንቋው ትግርኛ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቃል ተምሮ መሄድ አይከፋም።

የዚያ የኢፍጣር ምሽት ልጅ ከዒድ በኋላ አባቱን ካርታ አስገዝቶ ውቅሮን አገኘ። ነጋሽ በካርታው ላይ ስላልተጻፈች በእርሳስ ነጥብ አድርጎላታል።