«14 ቁጥር» ስንት ነው?



በአንድ ረመዷን መገባደጃ ላይ አሜሪካ የሚኖረው ወንድማችን ለእናታችን የዒድ ልብስ ላከ። እጅጌው ረዥም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ነው። የገዛው ከሱቅ ሳይሆን በኢንተርኔት ከሚካሄድ ጨረታ ነበር፤ ሻጯ እንግሊዝ አገር የምትኖር ሴት ናት። እናታችን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ሳለ እዚያ 14 ቁጥር ልክ ሆኗቸው ነበርና፣ ወንድማችን «14 ቁጥር» የሚለውን ሲያይ ሌላ አልጠየቀም። ጨረታው ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ዋጋ ጨምሮ አሸነፈ። ቀሚሱም በመንገደኛ እጅ አዲስ አበባ ገባ።

በዒድ ዋዜማ እናታችን ሊሞክሩት ጓዳ ገቡ። ቀሚሱ ትከሻቸውን አልፎ ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቀረ። «ልጄ የላከልኝ ቁጥር ነው እንጂ ቀሚስ አይደለም!» ብለው ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም። ያን ሌሊት ለወንድማችን ደውለን «ሴትዮዋ አታልላሃለች፤ ሌላው እንዳይታለል ጻፍባት» አልነው። እርሱም ምክራችንን ሰምቶ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ አታላይ መሆኗን ጻፈ።

በማግስቱ ሻጯ በትሕትና መለሰች። ልኩን ከሥዕሉ ሥር ጽፌው ነበር አለች። ገብተን አየነው። እውነትም «የእንግሊዝ 14 ቁጥር፤ ልብሱ ተዘርግቶ ሲለካ ከብብት እስከ ብብት 51 ሴንቲ ሜትር» ይላል። ሴትዮዋ አላታለለችንም። ያላነበብነው እኛ ነን፤ ሳናነብም ፈረድንባት።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ግድ ሆነብን። በእንግሊዝ 14 የሚባለው የሴት ልብስ በአሜሪካ ወደ 10 ይጠጋል። የአሜሪካው 14 ደግሞ በእንግሊዝ 18 ገደማ ነው። ያው የእንግሊዙ 14 ጀርመን ሲገባ 40፣ ፈረንሳይ ሲገባ 42፣ ጣሊያን ሲገባ 46 ይባላል። ልብሱ አንድ ነው፤ ስሙ ግን ድንበር በተሻገረ ቁጥር ይለወጣል።

በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ቁጥሩ ጸንቶ አይቆይም። በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ውጤቱን በ1941 አሳተመ። በዚህም መነሻነት በ1958 ለሴቶች ልብስ የቁጥር ደረጃ ወጣ። ደረጃው ግን ፋብሪካዎችን የሚያስገድድ አልነበረም፤ በ1983 መንግሥት ጨርሶ ተወው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ልክ ይሰፋል። ገዢዋ «ቀጠንኩ» ብላ ደስ እንዲላት ሰፊውን ልብስ በትንሽ ቁጥር መጥራትም የተለመደ ሆነ። ስለዚህ በ1950ዎቹ የተሰፋ 14 ቁጥር ዛሬ 14 ከሚባለው የጠበበ ነው። በጨረታ የሚሸጠው ልብስ ደግሞ አብዛኛው የተለበሰ፣ ከተለያየ አገርና ከተለያየ ዘመን የመጣ በመሆኑ ግራ መጋባቱ እጥፍ ይሆናል።

ይህ ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ችግር ብቻ አይደለም። ዛሬ በአገራችንም ብዙ እህቶች ዓባያ የሚገዙት በቴሌግራም ሥዕል እያዩ ነው። ዓባያ ላይ 52፣ 54፣ 56፣ 58 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የልብሱ ቁመት በኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 54 ማለት 137 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 56 ማለት 142 ገደማ ነው። ስለ ደረት ስፋት ግን ቁጥሩ የሚነግረን የለም። «56 ገዝቼ ጠበበኝ» የምትል እህት የጠየቀችው ስለ ቁመት፣ የቸገራት ግን ስፋት ነው። የልጆች ልብስም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ 116 የሚል ቢጻፍበት የልጁን ቁመት በሴንቲ ሜትር መናገሩ ነው፤ ዕድሜው ስድስት ዓመት ገደማ ለሆነ ልጅ ይሆናል። ነገር ግን በስድስት ዓመቱ ረዝሞ የስምንት ዓመት ልጅ የሚመስል እንዳለ ወላጅ ሁሉ ያውቃል።

ሃይማኖታችን በዚህ ላይ ምን ይላል? ጨረታ በራሱ ክልክል አይደለም። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ ድሃ አንሷሪይ ምንጣፍና የውሃ ዕቃ «ማን ይጨምራል?» እያሉ በሁለት ዲርሃም ሸጠውለታል። ዘገባው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚይ ይገኛል፤ በሰነዱ ላይ የተነጋገሩ ሊቃውንት ቢኖሩም ቲርሚዚይ ሐሰን ብለውታል። የተከለከለው «ነጅሽ» ነው፤ ይኸውም መግዛት ሳይፈልጉ ሌላውን ለማሳሳት ዋጋ መስቀል ነው።

ከኛ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን ሌላ ሐዲሥ ነው። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሙላመሳ» የተባለውን ሽያጭ ከልክለዋል። ይህም ገዢ ልብሱን ሳይገላልጥና ሳያይ በእጁ ስለነካው ብቻ ሽያጩ የሚጸናበት ልማድ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ አስቡት፦ ከ1,400 ዓመት በፊት የተከለከለው የልብስ ገዢ የማያውቀውን ነገር እንዲቀበል ማስገደድ ነበር።

ታዲያ በሥዕልና በመግለጫ መግዛት ሙላመሳ ነው ማለታችን አይደለም። ሊቃውንት በዚህ ላይ የተለያየ አቋም አላቸው። በሻፊዒይ መዝሀብ ጠንካራው አቋም ገዢው ያላየውን የተወሰነ ዕቃ ሽያጭ አይቀበልም። የሐነፊይ ሊቃውንት ይፈቅዱና፣ ገዢው ዕቃውን ሲያይ የመቀበል ወይም የመተው ምርጫ ይሰጡታል። ፈትዋ መስጠት የኛ ድርሻ አይደለም፤ አንባቢ በአካባቢው ያሉትን ዓሊሞች ይጠይቅ። ከዚህ ልዩነት በስተጀርባ ያለው ሥጋት ግን አንድ ነው፤ እርሱም አለማወቅ ጠብ እንዳይወልድ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ፍሬን ከመድረሱ በፊት ገንዘብ እየከፈሉ ሲገዙ አግኝተው፣ እንዲህ የሚያደርግ ሁሉ በታወቀ መስፈሪያ፣ በታወቀ ሚዛንና እስከ ታወቀ ጊዜ ያድርገው ብለዋል። «14 ቁጥር» የታወቀ መስፈሪያ አይደለም። 51 ሴንቲ ሜትር ግን በእንግሊዝም፣ በአሜሪካም፣ በመርካቶም 51 ሴንቲ ሜትር ነው።

ስለዚህ ገዢ የሆንን ሁሉ ከመግዛታችን በፊት ጥቂት እንድከም። ቤት ውስጥ ልክ የሚሆነንን ልብስ ወለል ላይ እንዘርጋው። ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ፣ እጅጌውንም ከትከሻው ስፌት እስከ አንጓ እንለካና በወረቀት እንያዝ። ከብብት እስከ ብብት ያለው በሁለት ሲባዛ የልብሱ ዙሪያ ይገኛል። የሙስሊም ሴት ልብስ ገላ ላይ የሚጣበቅ አይደለምና የልብሱ ዙሪያ ከሰውነታችን ዙሪያ ዘርዘር ብሎ መብለጥ አለበት። ሻጩ የጻፈው የልብሱን ልክ ይሁን የለባሹን ሰውነት ልክ ካልገባን በጽሑፍ እንጠይቅ። ቢመለስ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍልም አስቀድመን እንወቅ። የጨረታ ሰዓት እያለቀ ነው ብሎ መቸኮል ደግሞ ዓይንን ይጋርዳል፤ እኛም ያጣነው በዚያች ደቂቃ ነው።

በቴሌግራም የምትሸጡ ወጣቶች፣ ለእናንተም ቃል አለን። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲነበብ ብዙዎቻችን የምናስበው የእህል ነጋዴን ነው። ነገር ግን ሜትርም መስፈሪያ ነው። «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ መጻፍ ለሻጭ ይቀላል፤ ሆኖም ለማን እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ሜትሩን ልብሱ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሡ። ታጥቦ ያጠረ ጥጥ ከሆነ ተናገሩ፤ የተተኮሰ ጉድፍ ካለ አሳዩ። ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ) እንዳወሩት ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ግልጽ ካደረጉ ንግዳቸው በረካ ያገኛል፤ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይጠፋል።

ወደ ቀሚሱ እንመለስ። ሻጯ ቀሚሱን መልሳ ለመቀበል ፈቃደኛ ነበረች፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመላኪያው ዋጋ ከቀሚሱ ዋጋ በለጠ። እናታችን በቀድሞው ቀሚሳቸው የዒድ ሶላት ሰገዱ። ከዒድ በኋላ ሰፈራችን ያለችው ልብስ ሰፊ እህት ቀሚሱን አስተካክላ ትሠራው እንደሆነ ጠየቅናት። እርሷ ቁጥር አልጠየቀችም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ «እማማ፣ እስቲ ቀና ይበሉልኝ» አለችና ለካች። የእናታችን ደረት 108፣ የቀሚሱ ዙሪያ 102። «ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ የለም» ብላ መለሰችልን። ቀሚሱን ታናሽ እህታችን ለበሰችው።

የቀሚሱ ነገር በዚህ አለቀ። ያላለቀው የሴትዮዋ ስም ነበር። የአላህ ቃል ወሬን ሳናጣራ በሰው ላይ ጉዳት እንዳናደርስ፣ ከክፉ ጥርጣሬም እንድንርቅ ያዘናል፤ እኛ ደግሞ በረመዷን ሌሊት፣ በባዕድ አገር ስለምትኖር ሴት፣ ሁለት መስመር ሳናነብ ፈረድን። ሙስሊም አለመሆኗ ሐቋን አያሳንሰውም። ወንድማችን የጻፈውን አጥፍቶ በዚያው ቦታ ስሕተቱ የራሱ መሆኑን ጻፈ፤ ይቅርታም ጠየቃት። እኛም የመከርነው እኛ መሆናችንን ነግረን ከእርሱ አውፍታ ጠየቅን። ዛሬ በወንድማችን ቦርሳ ውስጥ የእናታችን ልክ የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ሁሉም በሴንቲ ሜትር ነው።

አላህ (ሱ.ወ) መስፈሪያችንን የተሟላ፣ ምላሳችንን የተቆጠበ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።