የሒሳብ መዝገብ ለገበሬው ይገለጥ

በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ወረዳ፣ በጨለለቅቱ ከተማ አካባቢ የሚኖረው ገበሬ ኑሮ በቡናና በእንሰት ላይ የቆመ ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን ለማኅበሩ ካስረከበ በኋላ ስንት ኪሎ እንደተመዘገበለት፣ በስንት ብር እንደተሸጠና ምን ያህል ወጪ እንደተቀነሰ የሚያውቀው መዝገቡ ሲገለጥለት ብቻ ነው። የመንገድና የትምህርት ቤት መዋጮም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የተሰወረ ስሌት የሚያስከትለውን በደል የጌዴኦ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል። በባለርስቶች ዘመን ምርቱ የሚገመተው በጌታው ዓይን ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ የተቀሰቀሰው የገበሬዎች አመፅ የዚያ ሥርዓት ምሬት ውጤት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ገማቹ ቀረ፤ የተሰወረ ሒሳብ ግን ከገማቹ ጋር አብሮ አልቀረም።

ዛሬ ሕጉ አለ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የወረዳ ጽሕፈት ቤትም በዚሁ ይታቀፋል። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስፈር የሠራተኛው ግዴታ ነው። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። ምዝበራ አይቶ የሚናገረውን ሰው በሚመለከት ደግሞ የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነቱን እስከ መደበቅና መኖሪያውን እስከ መለወጥ የሚደርስ ጥበቃ ይፈቅዳል።

ይሁን እንጂ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው፣ ይህ ጥበቃ የሚሰጠው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ መሆኑ ነው። ሚዛን ሲጭበረበር አይቶ የተናገረ ገበሬ ከዚህ ጥላ ውጭ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው፣ «ጠቋሚ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ጎረቤቱን በአስተሳሰቡ አሳልፎ የሰጠውን ሰው ሕዝቡ በዚህ ስም ያስታውሰዋል። የጋራ ሀብት ሲመዘበር የሚናገር ግን የጎረቤቱ ጠበቃ እንጂ ጠላቱ አይደለም። ይህ ልዩነት በሸንጎ ካልተነገረ አዋጁ ብቻውን ፍርሃትን አያስወግድም።

የሕንድ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ታሪክ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። በራጃስታን ክፍለ ሀገር ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ወጪና የደመወዝ መዝገብ በመንደር አደባባይ እንዲነበብ አደረጉ። ያልሠራ ሰው ስም፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ተጋለጠ። አገራቸው የመረጃ መብት ሕግ በእ.ኤ.አ. 2005 እንድታወጣ መሠረት ከጣሉት መካከል እነዚህ የመንደር ስብሰባዎች ዋናዎቹ ናቸው። ድጋፉ የተገነባው ከላይ ሳይሆን ገበሬው ከሚያውቀው ሒሳብ ተነሥቶ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሥራውን ከራሳቸው ደብተር ሊጀምሩት ይገባል። ማኅበር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባይሆንም ለአባላቱ ሒሳብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የቡናው ግዥና ሽያጭ በጠቅላላ ጉባኤ፣ ገበሬው በሚሰማው በጌዴኦኛ ይነበብ፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ሳይፈራ ይመርምር፤ የጠየቀ አባል «አድመኛ» ተብሎ አይገለል። የራሱን መዝገብ የገለጠ መሪ የወረዳውን መዝገብ ሲጠይቅ አፉን የሚያሲዘው አይኖርም።