ምርመራ ያለ ትምህርት፦ የውጭ አገር የሥራ ተጓዥ ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና ከአዋላጅ ነርስ አንጻር

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመነሻ አዳራሽ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሄዱትን የቤት ሠራተኞች ለይቶ ማወቅ አያስቸግርም። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ በቡድን ይቆማሉ፤ ፓስፖርታቸውን፣ የሥራ ውላቸውንና የጤና ምርመራ ውጤታቸውን የያዘውን ማኅደር ከእጃቸው አይለዩም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚጠይቁት የጤና ምርመራ አንዱ የእርግዝና ምርመራ ነው፤ እርጉዝ ሆና የተገኘች ሴት ጉዞዋ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዷ ተጓዥ ስለ ማህፀኗ ተጠይቃለች፣ ተመርምራለችም። ስለ ማህፀኗ የተማረችው ግን ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 100 ሺህ ያህል ዜጎችን ከዚያው አገር ለመመለስ ስምምነት ተደርጓል። ከተመላሾቹ መካከል ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የታቀፉ እናቶች ነበሩ። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ሕጉም ተለውጧል። በ2006 ዓ.ም. የተጣለው የጉዞ እገዳ በ2010 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ተጓዦች የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙና የጤና ምርመራ እንዲያደርጉ ደንግጓል፤ ይህም አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። ከጉዞ በፊት የሚሰጠው ሥልጠና በዋናነት የሚያተኩረው በቤት አያያዝ፣ በምግብ ዝግጅት፣ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች አጠቃቀም፣ በቋንቋና በተቀባዩ አገር ባህል ላይ ነው። ጤና በሂደቱ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው እንደ ማለፊያ ፈተና እንጂ እንደ ትምህርት አይደለም።

አዋላጅ ነርስ ይህን ክፍተት ከሌሎች ባለሙያዎች ቀድማ ታያለች። ሙያዋ የሚጀምረው ከምጥ አይደለም፤ ከወር አበባ ትምህርት፣ ከእርግዝና መከላከያ ምክርና ከቅድመ ወሊድ ክትትል ነው። በዚህ ዓይን ስትመለከት አንዳንድ ቀላል ስሌቶች ይታዩአታል። የቤት ሠራተኛ የሥራ ውል በተለምዶ ሁለት ዓመት ነው። በአገራችን ሴቶች ዘንድ በስፋት የተለመደው የመርፌ መከላከያ የሚያገለግለው ሦስት ወር ነው። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ እንደ ዓይነቱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይቆያል። መርፌ ተወግታ የምትሄድ ወጣት ይህን ልዩነት ካልተነገራት ከአራተኛው ወር ጀምሮ የተጠበቀች እየመሰላት ያልተጠበቀች ትሆናለች። በአንጻሩ ወር አበባዋ የቀረው በመርፌው ምክንያት መሆኑን የማታውቅ ሴት ብቻዋን በባዕድ ቤት በፍርሃት ትጨነቃለች።

ከዚህ የከበደም አለ። የተደፈረች ሴት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በአምስት ቀናት ውስጥ፣ በኤች አይ ቪ እንዳትያዝ የሚሰጠውን መድኃኒት ደግሞ በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር ይኖርባታል፤ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይሻላሉ። ይህን የማታውቅ ሴት ሰዓቱ ሲያልፍባት እንኳ አንድ ዕድል ማለፉን አታውቅም። በብዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ በሕግ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ አደጋ ሊሆንባት ይችላል። አደጋውን አስቀድማ ያላወቀች ሴት እርዳታ ከማን እንደምትጠይቅ፣ ኤምባሲውን እንዴት እንደምታገኝ ልታስብበት አትችልም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ላላገቡ ልጃገረዶች ስለ እርግዝና መከላከያ ማስተማር ለሥርዓት አልበኝነት በር ይከፍታል የሚለው ነው። ነገር ግን የእርግዝና ምርመራን ግዴታ ያደረገ አሠራር እርግዝና ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ አምኗል። ለመጠየቅ ያላፈረ ለማስተማር የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤትና የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ሥራ እየሠሩ ነው የሚል ነው። ፕሮግራሙ ብዙ ለውጥ ማምጣቱ አይካድም። ሆኖም የቤተሰብ ምጣኔ ምክር ባል ያላትን እናት ማዕከል ያደረገ በመሆኑ፣ ትምህርቷን አቋርጣ ለጉዞ የምትሰናዳውን ያላገባች ወጣት ብዙ ጊዜ ያልፋታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረ ነው። ጥፋቱ የደፋሪው አሠሪና ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ ሸክሙን በልጅቷ ዕውቀት ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም ይላል። ይህ እውነት ነው። መከላከያ እርግዝናን እንጂ መደፈርን አያስቀርም፤ በመርፌም ሆነ በክንድ የሚሰጠው መከላከያ ከአባላዘር በሽታም አያድንም። ደላላ ወይም ኤጀንሲ መከላከያን ለጉዞ ቅድመ ሁኔታ እንዲያደርገው መፍቀድም ሌላ በደል ነው። ስለሆነም ትምህርቱ የሚሰጠው ለሴቲቱ ጥቅም ብቻ፣ ምርጫውም የራሷ ሆኖ መሆን አለበት። ዕውቀቷ የአሠሪውን ወንጀል ወደ እርሷ አያዞርም፤ የመንግሥታትንም የድርድር ኃላፊነት አይተካም። ድርድሩ እስኪፈጸም ድረስ ግን አውሮፕላኑ በየቀኑ ይነሣል።

ትምህርቱ በመመለሻውም በር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገር አቀፍ ደረጃ በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች 48 በመቶ፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያደረጉት 43 በመቶ ነበሩ። በአዲስ አበባ ከአሥር እናቶች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት በጤና ተቋም ይወልዳሉ። ከስደት የተመለሰች ነፍሰ ጡር ቦሌ ስታርፍ ከዚህ አገልግሎት በጥቂት ደቂቃዎች ርቀት ላይ ናት፤ ተደብቃ ወደ ገጠር ስትገባ ግን ከዝቅተኛው ቁጥር ጋር ትቀላቀላለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በመደፈር የመጣን እርግዝና ማቋረጥን እንደሚፈቅድ፣ ለማስረጃም የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ የሚነግራት ሰው ማግኘትም ይገባታል። ልጇን ለመውለድ ከወሰነች ደግሞ የደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ የአደጋ ምልክቶች መሆናቸውን ማወቅ ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል።

አዋላጆች ከመውለጃ ክፍል ውጭ ያላቸው ድርሻ ለኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የተራዘመ ምጥ ያስከተለውን ጉዳት ሲጠግን ቆይቶ፣ ከጥገናው ወደ መንሥኤው በመሄድ እ.ኤ.አ. በ2007 የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፍቷል። ኮሌጁ ከገጠር የሚቀበላቸው ተማሪዎች ተመርቀው በአካባቢያቸው ያገለግላሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ይህ ነው፤ ለቦሌ ተጓዦችም ይሠራል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በቅድመ ጉዞ ሥልጠናው ውስጥ ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ አንድ ሙሉ ቀን ይመደብ። አስተማሪዋ ከጤና ጣቢያ የምትመጣ አዋላጅ ነርስ ትሁን፤ ከኤጀንሲም ሆነ ከደላላ ጋር የጥቅም ግንኙነት አይኑራት። ትምህርቱ ተጓዦቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በቃልና በሥዕል ይሰጥ። የእርግዝና ምርመራው ውጤት ከማንም በፊት ለባለቤቷ፣ በምስጢርና ከምክር ጋር ይነገር። በአውሮፕላን ማረፊያው የመድረሻ ክፍል ለተመላሾች አንዲት አዋላጅ የምትቀመጥበት፣ ወደ ቀያቸው ጤና ጣቢያም የሚላኩበት ትንሽ ክፍል ይዘጋጅ።

ተጓዧ ከአዳራሹ ስትወጣ ማኅደሯን ለኤጀንሲው ወይም ለአሠሪዋ ልታስረክብ ትችላለች፤ ፓስፖርቷንም ሊወስዱባት ይችላሉ። በአንድ ቀን ከአዋላጅ የተማረችውን ግን ማንም አይወስድባትም። ያን ቀን ለመመደብ የሚጎድለው ባለሙያ አይደለም፤ ሥልጠናውን የሚቀርጹት አካላት ውሳኔ ነው።