የካርቶን ጋሻና የገብስ እፍኝ

የካቲት በመጣ ቁጥር በከተማችን ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው ጉለሌም ጭምር፣ ግቢው የጦር ሜዳ ይሆናል። ከፊሉ ተማሪ የካርቶን ጋሻ አንግቦ «ወገን»፣ ከፊሉ ደግሞ ሳይወድ «ጠላት» ይደረጋል፤ ፉከራና ቀረርቶ ይሰማል፤ ጠላት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይወድቃል፤ እንግዶች ያጨበጭባሉ። ይህም «ታሪክን በተግባር ማስተማር» የሚል ስም ተሰጥቶታል። እኛ ግን ተግባርም ትምህርትም አይደለም እንላለን።

ነገሩን የምንነቅፈው ከጠመኔና ከሰሌዳ ውጭ ትምህርት የለም ከሚሉት ወገን ቆመን አይደለም። የታሪክ ትምህርት ከሽምደዳ ሊላቀቅ ይገባዋል። ጥያቄው የልጁ እጅ ምን ይሥራ ነው።

የዐድዋን ዘመቻ እንውሰድ። የክተት ዐዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ተነገረ፤ ድሉ የካቲት 23 ቀን ተገኘ። በመካከሉ ያሉት አምስት ወራት በትርኢቱ ውስጥ የሉም። ሠራዊቱ ወደ 100,000 ይገመታል። መምህሩ ከየቤቱ አንድ አንድ እፍኝ ገብስ ያስመጣ፤ ተማሪዎቹ ይቁሉት፣ ከፊሉን ፈጭተው በሶ ያድርጉት፣ ይመዝኑት። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢታሰብ እንኳ ለ100,000 ሰው 500 ኩንታል ይሆናል፤ ይህም የአንድ ቀን ስንቅ ነው። ማን ፈጨው? ማን ተሸከመው? በስንት አጋሰስ? በካርቶን ጋሻው ትርኢት ላይ እልልታ ብቻ የተተወላቸው ሴቶች ብቅ የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ ወፍጮው በእነርሱ እጅ ነበርና። የመቀሌው ምሽግ በጥር ወር የተለቀቀውም በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃ ምንጩ በመያዙ መሆኑን፣ አንድ ጣሳ ውሃ ለክፍሉ ሁሉ አከፋፍል የተባለ ልጅ አይረሳውም።

የከፋው የየካቲት 12 አያያዝ ነው። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ፋሽስቶች ሦስት ቀን ሕዝቡን ፈጁ። ስፍራው ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግር የሚደረስበት ስድስት ኪሎ ነው። ይህን ፍጅት፣ አንዱን ልጅ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ሌላውን ሬሳ አድርጎ ማስተወን፣ በምንም ሰበብ ሊፈቀድ አይገባም። ልጅ ወድቆ እየሳቀ ሲነሣ ሞት ጨዋታ ይሆናል። ደግሞስ በድራማው ሁልጊዜ የምናየው ቦምብ ጣዮቹን ነው፤ በዚያ ዕለት ምጽዋት ሊቀበሉ በግቢው ተሰብስበው ሳሉ ጥይት የወረደባቸውን ድሆች ማን አስታወሳቸው?

ሠዓልያንና ቀራጽያን የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው። ለትርኢቱ ጋሻ ከመቀባት ይልቅ ልጆቹን ይዘው ወደ የካቲት 12 ሐውልት ይውረዱ። ዩጎዝላቪያውያኑ አውግስቲንቺችና ክርሺኒች የቀረጹትን ልጁ በእርሳስ ይንደፈው፤ አንድ ምስል ለመንደፍ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ልጅ የሚጠይቀውን፣ በፉከራ የደከመ ልጅ አይጠይቅም። ከዚያም በቤቱ የተላለፈውን ወሬ፣ የትኛው ቤት እንደተቃጠለ፣ ማን ወጥቶ እንደቀረ፣ በሰፈሩ ካርታ ላይ ያስፍር።

ክፍለ ጊዜው አጭር፣ ክፍሉም ጠባብ ነው የሚል መምህር ይኖራል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ለአምስት ደቂቃው ፍልሚያ የሚውለው የሁለት ሳምንት ልምምድ ከየት ተገኘ? እርሱንም የሚፈልገው ብዙ ጊዜ መምህሩ ሳይሆን በበዓሉ ቀን ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ኃላፊ ነው። ኃላፊው በሚመጣው የካቲት ግቢው ጸጥ ብሎ ቢያገኘው፣ ወደ ክፍሉ ይግባና ገብሱ ስንት ኪሎ እንደመዘነ ይጠይቅ።