በልጆቻችን የተፈተነው ክኒን ማጂ የሚደርሰው በማን ገንዘብ ነው?

በቅርቡ ከማጂ ወረዳ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ልጁ ገርጥቷል፤ ሆዱን ያመዋል፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ያንቀላፋል። በሰገራ ምርመራው ሁክወርም የምንለው ደም መጣጭ ትልና ትሪኩሪስ የምንለው ጅራፍ መሰል ትል ተገኙበት። መድኃኒቱን ጽፌ ስሰጥ አባትየው ወረቀቱን እጃቸው ላይ እንደያዙ ጠየቁኝ። «ዶክተር፣ ነጮች ለትል አዲስ መድኃኒት በእኛ ልጆች ላይ እየሞከሩ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ፤ ግን የነገሩ ግማሽ ነው» አልኳቸው። ደጅ ላይ ወረፋው ረዝሞ ነበርና ሌላውን ግማሽ ሳልነግራቸው ሄዱ። ዛሬ እሱን ልጻፍ።

አባትየው የሰሙት ሙከራ «አላይቭ» የተባለው ጥናት ነው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሞዛምቢክ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 18 ዓመት የሆኑ 1 ሺህ 223 ልጆች ተሳትፈውበታል። በአገራችን ሥራውን ያካሄደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ አስተባባሪው በባርሴሎና የሚገኝ የጤና ምርምር ተቋም ነበር። የተፈተነው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ለብቻቸው የምናውቃቸውን አልቤንዳዞልንና አይቨርሜክቲንን በአንድ ክኒን ማዋሐድ ነው። ክኒኑ የማንጎ ጣዕም አለው፤ አፍ ውስጥ ይሟሟል። መድኃኒት ሲያይ አፉን ለሚዘጋ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቡና አገር ሰው አይቨርሜክቲንን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ «ሜክቲዛን» እያለ ሲውጠው የኖረ ነው። በወራጅ ወንዞች ዳር በምትራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን የሚያጠፋው ኦንኮሰርኪያሲስ በካፋ፣ በሸካና በቤንች የቆየ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በካፋና በሸካ ኅብረተሰቡ ራሱ በመረጣቸው አዳዮች አማካይነት ክኒኑ ቤት ለቤት ይታደል ጀመር። ቁመት እየተለካ በዘንጉ ላይ ባለው ምልክት መጠን ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ክኒን የተሰጠው አንባቢ ያስታውሰዋል። በአዲሱ ክኒን ልጆች በሁለት የክብደት ክልል ብቻ ይከፈላሉ፤ ከ45 ኪሎ በታችና ከዚያ በላይ። ለታዳዩም ለአስተማሪውም ሥራው ይቀላል።

ውጤቱስ? ትሪኩሪስን በተመለከተ አልቤንዳዞልን ብቻውን ከወሰዱት ልጆች የዳኑት ከሦስት አንድ ገደማ ነበሩ። ጥምሩን አንድ ቀን የወሰዱት ከ80 በመቶ በላይ፣ ሦስት ቀን የወሰዱት ደግሞ 97 በመቶ ገደማ ድነዋል። በሁክወርም ላይም ጥምሩ ተሽሎ ተገኝቷል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ድጋፍ ያለበት ሳይንሳዊ አስተያየቱን ሰጥቷል። እንግዲህ ያ አባት የያዙት ወረቀት ላይ የጻፍኩት መድኃኒት ከሁለቱ ትሎች በአንደኛው ላይ ደካማ መሆኑን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ያለው እሱ ነውና።

ወጪውን የሸፈነው የአውሮፓ ሕዝብ ግብር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለምርምርና ለፈጠራ ሥራ የሰባት ዓመት በጀት ይመድባል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለውና እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚዘልቀው «ሆራይዘን አውሮፓ» ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ተይዞለት ነበር። አብዛኛው በአውሮፓ ምድር የሚሠራበት ነው። ከዚህ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ኢዲሲቲፒ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ ትብብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለኤችአይቪ፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለወባ ተቋቋመ፤ ቆይቶ ችላ የተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎችን ጨመረ። አሁን ሦስተኛ ምዕራፉ ላይ ሲሆን ኅብረቱ እስከ 800 ሚሊዮን ዩሮ ሊያዋጣለት ቃል ገብቷል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችም የትብብሩ ማኅበር አባላት ናቸው፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት።

ገንዘቡ ለመንግሥት በጀት ድጎማ አይሰጥም። ጥሪ ይወጣል፤ የተለያዩ አገሮች ተቋማት ቡድን ሠርተው ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ገለልተኛ ገምጋሚዎች ነጥብ ይሰጣሉ፤ ያሸነፈ ይወስዳል። ስለዚህ የትኛው በሽታ እንደሚጠና የሚወሰነው በአመዛኙ ጥሪው ሲጻፍ ነው። በጥሪው ላይ ያልተጠቀሰ በሽታ የቱንም ያህል ሰው ቢያሠቃይ ተወዳዳሪ አይሆንም።

አውሮፓውያን ለምን ይከፍላሉ የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። የመድኃኒት ኩባንያዎች ሁክወርም ላለበት ድሃ ገበሬ መድኃኒት ሠርተው አያተርፉም፤ ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ካልገባ ማንም አይሞክረውም። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ የራሳቸው ጥቅም ነው። የዚህ ክኒን አምራች የስፔን ኩባንያ ነው፤ አስተባባሪው ተቋም የስፔን ነው፤ ከገንዘቡ ከፊሉ ወደዚያው ይመለሳል። ይህን እንደ ነውር አላየውም። ግን ስጦታ ብለን ብቻ ከተቀበልነው መጠየቅ ያለብንን ሳንጠይቅ እንቀራለን።

ይህ ገንዘብ ጠቅሞናል ወይ ለሚለኝ የካላዛርን ሕክምና አሳየዋለሁ። ካላዛር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1942 ከማጂ ደጋ ቁልቁል በሚታየው የታችኛው ኦሞ ቆላ ነው። ለብዙ ዓመታት ታማሚው 17 ቀን ሙሉ ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ሲወጋ ኖሯል፤ አንደኛው የሚያምና ልብን ሊጎዳ የሚችል ነው። በኢዲሲቲፒ ገንዘብ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ በ439 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ግን አንዱን መርፌ በሚዋጥ መድኃኒት መተካትና ሕክምናውን ወደ 14 ቀን ማሳጠር እንደሚቻል ታይቷል፤ የመዳን መጠኑም ተቀራራቢ ነው። ጎንደርም ከሙከራው ቦታዎች አንዱ ነበር። በርቀት ከሚገኝ መንደር ተሸክመውት የመጡ ታማሚ ላይ ይህ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ያስታመመ ያውቃል።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ። በእኛ ላይ ለምን ይሞከራል? በሽታው እኛ ዘንድ ስላለ ነው። ባርሴሎና ውስጥ ትሪኩሪስ ያለበት ልጅ ፈልጎ 1 ሺህ 200 መሙላት አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ በተደጋጋሚ ለሚያዘው የእኛ ልጅ ስለመሥራቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህ ማለት ግን ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይደለም። አገሩ ላይ የማይፈቀድለትን ምርምር ድሃ አገር ሄዶ የሚሠራ ተመራማሪ ነበር። አውሮፓውያንም ይህን አምነው እ.ኤ.አ. በ2018 በራሳቸው የምርምር ገንዘብ የሥነ ምግባር ደንብ አዘጋጅተዋል፤ ኮሚሽኑም ገንዘብ ለሚወስዱት ሁሉ መመዘኛ አድርጎታል።

ደንቡ የሚጠቅመው እርስዎ ከጠየቁ ነው። አንድ ቀን ተመራማሪ ደጅዎ ቢመጣ፣ ጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘቱንና፣ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መፍቀዱን ይጠይቁ። ማብራሪያው በሚገባዎት ቋንቋ ይነገርዎ፤ በዲዚ፣ በሜኢኒት ወይም በሱሪ የሚናገር ሰው አማርኛ በተጻፈ ወረቀት ላይ ጣቱን ስላሳረፈ ብቻ ተስማምቷል አይባልም። ማንበብ የማይችል ሰው ገለልተኛ ምስክር ይቀመጥለታል። ልጅ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነፍስ ያወቀ ልጅ ደግሞ እሱም ይጠየቃል። ጉዳት ቢደርስ የሚያሳክመኝ ማን ነው? ደሜ ወይም ሰገራዬ ወዴት ይሄዳል? ውጤቱን ማን ይነግረኛል? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በማንኛውም ሰዓት አቋርጦ መውጣትም ይቻላል፤ በዚህ ምክንያት የተለመደ ሕክምናዎ አይከለከልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ መድኃኒቱ ሠራ ከተባለ በኋላ እኛ ጋ ይደርሳል ወይ ብለው ይጠይቁ።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ዋናው ነው። የምርምር ገንዘብ የሚገዛው መልስ ነው፤ ክኒን አይገዛም። ጥናቱ ታትሞ፣ ተቆጣጣሪው ድጋፉን ሰጥቶ ሲያበቃ የምርምር በጀቱም ሥራውን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ በአገር ውስጥ መመዝገብ፣ በብሔራዊው የትል መከላከል መርሐ ግብር ውስጥ መግባት፣ መገዛት፣ ከአዲስ አበባ ሚዛን፣ ከሚዛን በጀሙና በቱም አድርጎ ማጂ መድረስ አለ። ይህን የሚከፍል ጥሪ ብራስልስ አያወጣም።

አንድ የማይወራ ችግር ልጨምር። በትምህርት ቤት የሚታደሉት አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል ከአምራች ኩባንያዎቻቸው በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በልገሳ የሚመጡ ናቸው። ሜክቲዛንም እንዲሁ፤ ሜርክ እ.ኤ.አ. በ1987 ቃል ከገባ ጀምሮ ለኦንኮሰርኪያሲስ በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ አዲሱ ክኒን የሚወዳደረው ዋጋ ከሌለው ክኒን ጋር ነው። የተሻለ መሆኑ ቢታወቅም የበጀት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ «ነፃው እያለ ለምን እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። እኔ ብሆን የምመልሰው፣ ነፃው በትሪኩሪስ ከተያዙት ሦስት ልጆች ሁለቱን ሳያድን እንደሚቀር በማስረዳት ነው። ቢያንስ ትሪኩሪስ በብዛት በሚታይባቸው እርጥብና ሞቃት ወረዳዎች፣ የቡና አገሩን ጨምሮ፣ ቅድሚያ ሰጥቶ መጀመር ይቻላል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ጊዜውም አይመችም። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲቆረጥ ችላ የተባሉ በሽታዎችን የመከላከል ሥራም ከተጎዱት አንዱ ሆነ። ክኒኑ በልገሳ ቢመጣም አዳዩን የሚያሠለጥነው፣ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው፣ መዝገቡን የሚያሳትመው ገንዘብ ከሌላ ነው የሚመጣው። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኮሚሽን ከ2028 እስከ 2034 ላለው የምርምር በጀት 175 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመደብ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሐሳብ አቅርቧል። አባል አገሮችና ፓርላማው ይከራከሩበታል፤ ስለ ተወዳዳሪነትና ስለ መከላከያ ብዙ በሚነገርበት በዚህ ድርድር የሁክወርም ጠበቃ ማን እንደሚሆን እንጃ። አስፈሪ በሽታ ጠበቃ አያጣም። በኅዳር 2018 ዓ.ም በጎረቤታችን በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ ሲረጋገጥ ዓለም ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጂንካ የት እንደሆነች አወቀ፤ መሆንም ያለበት ነው። ልጅን በቀስታ የሚያገረጣ ትል ግን ዜና አይሆንም።

በዚህ ረገድ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ቦታቸው ከተመራማሪ ቡድኑ ውስጥ ቢሆን ደስ ይለኛል። ኦንኮሰርኪያሲሱም፣ ትሉም፣ ቆላ ሲወርዱ ካላዛሩም በእጃቸው ርቀት ነው። ደንቡ ይፈቅዳል፤ የኢትዮጵያ ተቋማት ከሆራይዘን ገንዘብ በቀጥታ መቀበል ይችላሉ። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሳይንሱ ሳይሆን ጥሪ የሚከታተል፣ የመቶ ገጽ ማመልከቻ የሚሞላና በዩሮ ሒሳብ የሚያወራርድ ቢሮ ነው።

እስከዚያው ግን፣ «የተሻለ ይመጣል» ብላችሁ የትምህርት ቤቱን ክኒን ልጃችሁ እንዳይተወው አደራ። አልቤንዳዞል አንዷ ፍሬ ወስፋትን እጅግ ጥሩ አድርጋ ታጠፋለች፤ የሁክወርምንም ቁጥር ትቀንሳለች። በዕደላው ቀን ልጁን ቁርስ አብልታችሁ ላኩት። ከዋጠ በኋላ ትል በሰገራ ቢወጣ ወይም ሆዱን ጥቂት ቢያመው መድኃኒቱ ሥራ ላይ መሆኑ ነው፤ ትኩሳት ያለበት ወይም በጠና የታመመ ልጅ ግን ከመዋጡ በፊት ለባለሙያዋ ይነገር። ነፍሰ ጡር እናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አትወስድም። ሁክወርም በእግር ቆዳ በኩል ከአፈር ይገባልና ቡና ለቀማ የሚወርድ ልጅ ጫማ ያስፈልገዋል። መድኃኒት ወስዶ በወሩ አሁንም የገረጣ ልጅ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ መልሳችሁ አምጡት፤ ደሙ ይለካ፣ ሰገራው ዳግም ይታይ። የማጂው አባትም እንዲሁ ልጁን በወሩ መልሰው እንዲያመጡት ቀጥሬያቸዋለሁ።